ኅዳጉ ላይ የቀረው ስም

ጡረታ የወጣሁ ቀን በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ስሜ ሲጠራ ማንም አላወቀኝም። እውነቴን ነው። መድረኩ ላይ የቆመው ወጣት ኃላፊ በሚያምር ድምፅ «አቶ ጌታሁን ወልደየስ፣ በቅየሳ ክፍል ለረጅም ዘመን...» እያለ ሲያነብ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት የአገር ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ማን ነው እሱ? አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ'ኮ! ከግማሾቹ ጋር ስንት ዓመት ሻሂ ጠጥቻለሁ፤ የግቢያቸውን ጥግ የቸከልኩት እኔ ነኝ። ተነስቼ ወደ መድረኩ ሳመራ አንደኛው ሽማግሌ ጉልበታቸውን መታ አደረጉና «ዋሪያ! ማጆጎ ነው እንዴ?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ረጅም ጭብጨባ ሆነ።

ማጆጎ በሶማልኛ «የለም» ማለት ነው። ሰውየው የለም፣ እዚህ አይገኝም እንደ ማለት። ጅጅጋ ውስጥ ለሰው ስም የሚወጣለት በጉድለቱ ነው። የሚያነክሰውን በማንከሱ፣ አንድ ዓይን ያለውን በአንድ ዓይኑ ይጠሩታል፤ ፊት ለፊት፣ ያለ ምንም ክፋት። ባለ ስሙም አቤት ይላል። የዛሬ ልጆች የእኔን ስም ሲሰሙ ከሥራ እየጠፋሁ ያስቸገርኩ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን እንኳ ከሥራ ቀርቼ አላውቅም። የኔ ጉድለት ሌላ ነው፤ እሱን ልናገር ነው የተቀመጥኩት።

አሁን አሁን ቀያሾቹ ትንሽ መሣሪያ በእጃቸው ይዘው ይመጣሉ። ከሰማይ ነው አሉ የሚለካው። ግቢው ውስጥ ማን እንዳለ ሳይጠይቁ ለክተው ይሄዳሉ። ልኩ ትክክል ነው፤ በሱ አልከራከርም። ግን እኔም አንድ ጊዜ ማንንም ሳልጠይቅ ጽፌያለሁ፤ የሆነውን አውቃለሁ።

ጅጅጋ ስመጣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ወታደር ስለነበሩ ያደግሁት ሐረር ጦር ሰፈር ነው። ከትምህርት ቤት የያዝኩት ትንሽ ሒሳብ ነበረችኝና ማዘጋጃ ቤቱ ሰንሰለት ያዥ አድርጎ ቀጠረኝ። ሰንሰለት ስል የቀያሽ የብረት መለኪያ ማለቴ ነው፤ አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን አለቃዬ እንይዛለን። አለቃዬ ጋሽ ለገሠ ነበሩ።

ጅጅጋ እንደ ሌሎች ከተሞቻችን እንዳሻት የተስፋፋች አይደለችም። ከጅምሯ በገመድ ተሰምራ የተቆረቆረች ናት። ከካራማራ ተራራ ወርዶ ሜዳው ላይ የደረሰ ሰው መንገዶቿ ቀጥ ብለው ከዳር እስከ ዳር ሲታዩት ይገርመዋል። ንፋሱም በዚያው መንገድ ሳይሰናከል ይነጉዳል፤ አቧራውን አታንሱት። ጋሽ ለገሠ በእነዚያ ቀጥ ያሉ መንገዶች ይኮሩ ነበር። አንድ ሰው አጥሩን አንድ ክንድ ወደ መንገዱ ገፋ ያደረገ እንደሆነ እንደ ግል ስድብ ይቆጥሩት ነበር።

እኒህ ሰው ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሶማልኛውን እንደ አፍ መፍቻቸው ይናገሩታል። ቀለም አይወዱም፤ የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው። «ቀለም ዝናብ ሲነካው ይሸሻል» ይሉኝ ነበር። እርሳሱን በምላጭ ቀርጸው ጆሯቸው ላይ ይሰኩታል። ሲለኩ አንድ ጊዜ ሄደው አንድ ጊዜ ይመለሳሉ፤ የሁለቱ ልክ ካልተገናኘ ሦስተኛ እንጀምራለን፣ ፀሐዩ ቢያቃጥልም ባያቃጥልም። ደግሞም የሰው ግቢ ሲገቡ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ለማንም፣ ለደሳሳ ጎጆ ባለቤትም ቢሆን።

ሥራቸው ግን ሰንሰለቱ ሳይዘረጋ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ የአራቱን አቅጣጫ ጎረቤቶች ያስጠራሉ። ምሥራቁ፣ ምዕራቡ፣ ሰሜኑ፣ ደቡቡ መጥቶ በየጥጉ ካልቆመ አንድ መስመር አያሰምሩም። በዚያን ጊዜ ከስድሳ ስድስቱ አብዮት ወዲህ ቀበሌው አንድ ወረቀት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሌላ ወረቀት እየጻፈ ስለ አንድ ግቢ ሁለት ሹም የሚጨቃጨቅበት ጊዜ ነበር። ጋሽ ለገሠ ሁለቱም እስኪደክማቸው ይጠብቁና ጎረቤቶቹን «ይህን ቤት ማን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን በሰማያዊ ደብተራቸው ኅዳግ ላይ በእርሳስ ይጽፉታል። መሐል ገጹ ላይ የባለቤቱ ሙሉ ስም አለ፣ ከነአባቱ ከነአያቱ። ኅዳጉ ላይ ደግሞ ሰፈሩ የሚያውቀው ስሙ አለ። እኔ ያን ጊዜ ኅዳጉ የሽማግሌ ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ጠዋት የአንድ ወፍጮ ቤት ግቢ ልንለካ ሄድን። ባለቤቱ ጥቁር፣ ወፈር ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው። የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች የወፍጮው ቀበቶ በልቶበታል። ሰፈሩ ጋዕመይ ይለዋል፤ እጀ ጎደሎው ማለት ነው። ሚስቱ ኸዲጃ በግመል ወተት የተፈላ ሻሂ አመጣችልን። ጎረቤቶቹ በየጥጉ ቆመው፣ እኔ የመጨረሻውን ችካል ከወደ ኋላ አጥሩ ጥግ ልመታ ስል ጋዕመይ ጮኸ።

«ቀስ! ቀስ በል አንተ! ጣቶቼ እዚያ ናቸው!»

ደንግጬ መዶሻውን ለቀቅሁት። ሁሉም ሳቀ።

«ወፍጮው የቆረጣቸውን እዚያ ነው የቀበርኳቸው» አለኝ። «ሌላው ሰው መሬቱን በወረቀት ይይዛል። እኔ ግማሽ እጄ ገብቶበታል። ማን ያስወጣኛል?»

ችካሉን አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጌ መታሁት። ጋሽ ለገሠ ከት ብለው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኅዳጋቸው ላይ «ጋዕመይ» ብለው ጻፉ።

ከዚያ የስድሳ ዘጠኙ ጦርነት መጣ። የጦርነቱን ታሪክ የሚያውቁት ይጻፉት። እኔ የማውቀው በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተፋፍገን በካራማራ በኩል ወደ ባቢሌ መውጣታችንን ነው። ሰው ልጁን፣ ፍራሹን፣ ፍየሉን ይዞ ሲሸሽ ጋሽ ለገሠ የያዙት ደብተራቸውን ብቻ ነበር፤ በላስቲክ ጠቅልለው ከካፖርታቸው ሥር ደረታቸው ላይ አስረውታል። የከተማው ሶማሌ ነዋሪ ደግሞ ወደ ዘመዱ፣ ወደ አውበሬና ወደ ድንበሩ ገጠር ሸሸ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከተማዋ ወደ መንግሥት እጅ ስትመለስ እኛም ተመለስን። ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳው ብቻ ነው የቆመው። መዝገብ የለ፣ ፕላን የለ፣ ካርታ የለ። ስንት ዓመት የተለፋበት ሁሉ አመድ ሆኗል።

ጋሽ ለገሠ አልተመለሱም። ባቢሌ እህታቸው ቤት እግራቸው አብጦ ተኝተው ነበር። ልሰናበታቸው ስሄድ ደብተሩን ሰጡኝ።

«ከጅጅጋ የቀረው ይኼ ነው» አሉኝ። «ወደ አዲስ መዝገብ ስትገለብጥ ኅዳጉን እንዳትዘል። ሰዎቹ ያሉት እዚያ ነው።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እሺ ማለት ምን ይገዳል?

አዲሱ የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ ጓድ ታደሰ ይባላሉ። ክፉ ሰው ነበሩ ብል እዋሻለሁ። ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚያድሩት። ከየክፍለ ሀገሩ የተመደቡ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ከነልጆቻቸው በትምህርት ቤቱ ክፍሎች ወለል ላይ ተኝተዋል፤ ዝናቡ ጀምሯል፣ ሕፃናት ያስላሉ። በሌላ በኩል ስንትና ስንት ቤት በሩ ተበርግዶ ባዶውን ቆሟል። ከሐረር አንድ ቅጽ ተላከ። ባለቤቱ ያለ ቤት ለባለቤቱ ይጸናል፤ ባለቤቱ የሌለ ቤት ለቀበሌው ይሰጥና ሰው ይገባበታል። ቅጹ ተራ ቁጥር፣ የባለይዞታ ስም፣ የቦታው ስፋት የሚል አለው። መጨረሻው ላይ አንድ ጠባብ ዓምድ አለ፤ «አለ» ወይም «የለም»። ኅዳግ የሚባል ነገር የለውም።

«ሁለት ሳምንት» አሉኝ ጓድ ታደሰ። «ልጆቹ ሲያስሉ ትሰማለህ አይደል?»

እሰማ ነበር። ቀን ከቀን ገለበጥኩ። መሐል ገጹን ብቻ። ኅዳጉን ዘለልኩት፣ ቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው። በየግቢው ሄጄ ጎረቤት ማቆሙም ጊዜ ይበላል ብዬ በየቀበሌው ስብሰባ አስጠራሁና አዳራሽ ውስጥ ስም አነበብኩ። ጋሽ ለገሠ በአራት ዓመት የሠሩትን እኔ በአሥራ ሦስት ቀን ጨረስኩ። ኮርቼም ነበር፣ አልደብቃችሁም።

«አብዲላሂ ኢብራሂም ሮብሌ!» ብዬ አነበብኩ አንዱ ስብሰባ ላይ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

«አብዲላሂ ኢብራሂም ሮብሌ! የሚያውቀው አለ?»

ፊት የተቀመጡት ሐጂ ዩሱፍ፣ የዚያው ሰፈር ሰው፣ አላውቀውም በሚል አንገታቸውን ነቀነቁ። ኋላ አንዲት ሴት «አብዲላሂ ብዙ ነው» አለች። ከዚያ በላይ ማንም ትንፍሽ አላለም። ግማሹ በእውነት አላወቀውም፤ በዚያ ስም ጠርቶት የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። ግማሹ ደግሞ ቢያውቅም አይናገርም። ወደ ድንበር የሸሸ ሰው አውቃለሁ ማለት በዚያ ሰሞን ቀላል ነገር አልነበረም። እኔም ራሴ አላወቅኩትም። ሻሂውን የጠጣሁለትን ሰው! ጠባቧ ዓምድ ውስጥ «የለም» ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ።

ቤቱ ውስጥ አንድ መምህር ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር ገባ። ያስገባው የቀበሌው ኮሚቴ በተራ ቁጥር ነው፤ እኔ አብሬ አልሄድኩም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዲት ሴት ቢሮዬ ገባች። እግሯ በአቧራ ነጥቷል። «ቤቴ ውስጥ ሰው አለ» አለችኝ። «በሩ ላይ ቁጥር በቀለም ጻፉ። ምንድነው?»

«የማን ቤት ነው?» አልኳት ቀና ሳልል።

«የማን ትላለህ? የጋዕመይ ቤት! አንተ ሻሂ የጠጣህበት!»

ቀና አልኩ። ኸዲጃ ናት። ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቼ ገለጥኩ። መሐሉ ላይ አብዲላሂ ኢብራሂም ሮብሌ፤ ኅዳጉ ላይ በጋሽ ለገሠ ጥርት ያለ እርሳስ፣ ጋዕመይ። ደብተሩን መልሼ ዘጋሁት። ወዲያው ተነስቼ ይህ የእኔ ስህተት ነው ብል ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር በሆነ ነበር። «ማመልከቻ አጽፊ» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት።

በሦስተኛው ቀን ጋዕመይ ራሱ በአህያ ጋሪ መጣ። ያ ወፍራም ሰው አልቋል። በአውበሬ በኩል ገጠር ገብተው ከርመው ደረቱን በሽታ ይዞታል። ግን ሳቁ አልጠፋም። ሁለት ሰው ደግፎት ጓድ ታደሰ ቢሮ ገባ፤ እኔም ተጠራሁ። የሚፈልገውን በአጭሩ ተናገረ። ግቢዬ ውስጥ የወፍጮው ሞተር የቆመበት መሠረት አለ። ሞተሩ ቢዘረፍም ዘመድ ያግዘኛል፣ ሌላ አስመጣለሁ። ቤቴን ካገኘሁ ልጆቼ ይበላሉ፣ እኔም ተኝቼ እታከማለሁ። ሌላ ነገር አልጠየቅሁም አለ።

ጓድ ታደሰ ቅጹን አዩት። «ወረቀቱ ሐረር ደርሷል። ባለቤቱ የለም ተብሎ ተፈርሟል።»

«ማን ነው የለም ያለው?» አለ ጋዕመይ።

ጓድ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። እንዲያውም መውጫ ቀዳዳ የሚፈልጉ ይመስለኛል፤ አሁን ሳስበው። «ቅየሳ ክፍል ነው የፈረመው። ጌታሁን፣ አጣርተህ ነው አይደል?»

አላጣራሁም ማለት ነበር። ሁለት ቃል ናት። ግን በዚያው ወር አንድ የሥራ ባልደረባችን ከድንበር ለተመለሰ አንድ ሰው ዋስ ሆነ ተብሎ ለጥያቄ ተወስዶ ነበር። የሱ ወንበር ባዶውን ከፊቴ ይታየኝ ነበር። ያላጣራሁትም የጋዕመይን ስም ብቻ አይደለም፤ ያን አንዱን ካነሳሁ ዝርዝሩ ሁሉ ይፈርሳል፤ ቀያሽ ተብዬ የተሾምኩትም በዚያ ዝርዝር ነው።

«አዎ ጓድ» አልኩ። «አጣርቼ ነው።»

ጋዕመይ ያቺን ሁለት ጣት የቀራትን እጁን ከፊቴ አነሳት። «ይኸው አለሁ» አለ። «እየኝ። እኔ አለሁ። ማጆጎ አንተ ነህ።»

በር ላይ ወረፋ የያዘው ሰው ሰምቶ ሳቀ። ቀትር ሳይሆን ስሙ ገበያ ደርሶ ነበር።

ጋዕመይ ያቀረበው ይግባኝ ሐረር ሄዶ ተመለሰ፤ ምስክር ይቅረብ ተባለ። ምስክር ሊሆን የሚችለው እኔ ነበርኩ። አልፈረምኩም። ጋዕመይ ከከተማው ዳር ዘመድ ግቢ ውስጥ በጨርቅና በእንጨት በተሠራች ጎጆ ተኝቶ፣ በሁለተኛው ክረምት ዝናብ ሲገባ ሞተ። ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ማንም አላባረረኝም። ያ ነው የከበደኝ። ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ባቢሌ ሄድኩ። ጋሽ ለገሠ ከስተው ከጥላ ሥር አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከቅጹ ጀምሮ አጣርቼ ነው እስካልኩት ድረስ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ደብተሩን አምጣ አሉኝ። ገጹን አወጡ። እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አንስተው ሰጡኝ።

«ጻፍ» አሉኝ።

«ምን ብዬ ጋሼ?»

«የሆነውን።»

በኅዳጉ ላይ፣ ጋዕመይ ከሚለው ሥር ጻፍኩ። «ባለቤቱ ነበረ። ሳላጣራ የለም ብዬ የጻፍኩ፣ ተጠይቄም የዋሸሁ እኔ ነኝ።»

«ፈርምበት።»

ፈረምኩ። ጋሽ ለገሠ አንብበው ደብተሩን ዘጉት። «የምታወጣበትን ቀን አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። ምሳ አብረን በላን፣ ስለ ድሮ መንገዶች አወሩኝ። በዓመቱ አረፉ።

ያን ቀን ያወጣሁት መስሏችሁ ይሆናል። አላወጣሁም። አሥር ዓመት አልፎ ሌላም ተጨመረበት፤ ደብተሩ ሳጥኔ ውስጥ ተቆልፎ ነበር። ፈራሁ። ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም። ሊቀመንበሮች ተቀያየሩ፣ ጓድ ታደሰ ተዛወሩ፣ ሌላ ጓድ መጣ፣ እሱም ሄደ። ከቀያሽነት የክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ደመወዜ ትንሽ ከፍ አለች። ኸዲጃ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት የግመል ወተት መሸጥ ጀመረች። ለምን እዚያ እንደመረጠች ጠይቄያት አላውቅም። ቦታው ሰው ይበዛበታል፤ ለወተት ጥሩ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ስገባ ራሷን ከወተት ዕቃዋ ቀና አድርጋ፣ «ማጆጎ፣ እንዴት አደርክ?» ትለኛለች። ድምፅዋ ውስጥ ስድብ የለበትም። «ደህና፣ እንዴት አደርሽ ኸዲጃ?» እላለሁ። ከዚያ ገብቼ ሌሎች ሰዎች ቤታቸው የማን እንደሆነ ስወስን እውላለሁ። አቤት ያ በር! እያንዳንዱን ጠዋት እንደ ፍርድ ቤት ነበር የማልፈው።

አንድ ነገር ግን ተምሬ ነበር። ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ካለፈ ወዲህ ከድንበሩ ማዶ በጦርነት ሰው እየጎረፈ ሲመጣ፣ አውበሬ ላይ የድንኳን መደዳ እንድቀይስ ተላክሁ። መንገዶቹን እንደ ጅጅጋ ቀጥ አድርጌ ሰመርኩ። ስም ሲመዘገብም እያንዳንዱ ድንኳን ደጃፍ ቆሜ ጎረቤቱን «ይህን ሰው ማን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?» እላለሁ። የእርዳታ ድርጅቱ ሠራተኛ የተዝረከረከውን ኅዳግ አይቶ «ይኼ ምንድነው?» ሲለኝ፣ «ሰዎቹ ያሉት እዚያ ነው» አልኩት። የጋሽ ለገሠን ቃል ነበር የደገምኩት። ከአውበሬ ስመለስ ኸዲጃ በተቀመጠችበት በር ማለፍ ከበፊቱ ይብስ ከበደኝ።

ሰማንያ ሦስት ግንቦት መንግሥት ሲወድቅ ከተማዋ ለጥቂት ሳምንት ያለ ሹም ቀረች። ወታደሩ መሣሪያውን እየጣለ በየአቅጣጫው ሄደ። ማዘጋጃ ቤቱ ተሰበረ፤ ወንበሩ ተወሰደ፣ ወረቀቱ በንፋሱ መንገድ ለመንገድ ሲበር አየሁት። ያ ቅጽም፣ ያ «የለም» ያልኩበት፣ ከዚያ ውስጥ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። የሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው የቤት ክርክር መስማት ጀመሩ። ጋዕመይ ቤት የገባው መምህር ቤተሰቡን ይዞ ወደ አገሩ ሊመለስ ጓዙን አስሮ ነበር። በቤቱ ላይ ሌላ ሰው ዓይኑን ጥሏል፤ የድሮው ቀበሌ ሰጥቶኛል የሚል። ኸዲጃ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ፣ ቤቱ የባሌ ነው አለች። ወረቀት አላት? የላትም። ያኛው ወረቀት አለው።

«ወረቀት አለኝ» አልኩ ከኋላ ተነስቼ።

የጋሽ ለገሠን ደብተር ከላስቲኩ ፈትቼ ገጹን አወጣሁ። ሶማልኛዬ እንደ ጋሽ ለገሠ አይደለም፤ ግን ሁሉም እንዲሰማ ኅዳጉን በሁለቱም ቋንቋ አነበብኩት። «ሳላጣራ የለም ብዬ የጻፍኩ፣ ተጠይቄም የዋሸሁ እኔ ነኝ።» ፊርማው የኔ መሆኑን አሳየሁ። ከዚያ ሰንሰለቴን ተሸክሜ ወደ ቤቱ ሄድን፤ ሽማግሌዎቹም ተከተሉ። ኮፍያዬን አውልቄ ገባሁ። አራቱን ጎረቤቶች በሰፈር ስማቸው ጠራሁ። ሐጂ ዩሱፍ ከዕድሜያቸው ጋር ምርኩዝ ይዘው መጥተው በምሥራቁ ጥግ ቆሙ።

«ይህን ቤት ማን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?» አልኩ።

«ጋዕመይ ቤት» አሉ ሐጂ ዩሱፍ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ያንኑ አሉ። «ያን ጊዜም አውቄ ነበር ልጄ» አሉኝ ሐጂው ቀስ ብለው። «ወይም ላውቅ እችል ነበር።» እንባቸው መጣ። የኔም።

መምህሩ ቁልፉን ለሽማግሌዎቹ አስረከበ። እሱ ምን አጠፋ? ዝናብ ላይ የነበሩ ልጆቹን ነው ያስገባው። ሽማግሌዎቹ ቁልፉን እኔ እንድሰጣት ፈለጉ። በሁለት እጄ ሰጠኋት። አንድ ነገር ልላት ፈልጌ ነበር፤ ለአሥራ ሦስት ዓመት ያዘጋጀሁት ነገር ነው፤ ግን ሁሉም ጠፋኝ። «ኸዲጃ፣ ይቅር በይኝ» ብቻ ወጣኝ።

ቁልፉን አገላብጣ አየችው።

«ማጆጎ» አለችኝ። «ያን ጊዜ የለም ብለህ ስትጽፍ ውሸት ነበር። አሁን እውነት ሆኗል።»

ወደ ኋላ አጥሩ ጥግ ሄደች። የመታሁት ችካል በስብሶ ራሱ ብቻ ይታያል። ከሱ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብላ ቁጭ አለች፤ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። እኔ ኮፍያዬን እንዳወለቅኩ፣ ሁላችንም ከበር ቆመን ጠበቅን። ስትጨርስ ተነስታ ልጇን ውኃ ጣጂ አለቻት። ሻሂ ጠጥተን ነው የወጣነው።

በማግሥቱ ከማዘጋጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት የነበረው ቦታዋ ባዶ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እንዴት አደርክ የሚለኝ ስላጣሁ ቆሜ ቀረሁ።

ይቅር አለችኝ ወይስ አላለችኝም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስትሞት ልጆቿ ሰው ልከው አስጠሩኝ፤ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጬ ለቀስተኛ ተቀበልኩ። ስሜንም አልቀየሩትም። እኔም ይቀየር ብዬ ለምኜ አላውቅም።

ጡረታ ስወጣ የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት በመስታወት ተለብጦ ግድግዳዬ ላይ አለ። አቶ ጌታሁን ወልደየስ ይላል፣ በወርቃማ ቀለም። ያን ቀን ከአዳራሹ ቤቴ እንደገባሁ መስታወቱን ፈታሁ። እርሳስ በምላጭ ቀረጽኩና ኅዳጉ ላይ ማጆጎ ብዬ ጻፍኩበት። የሚፈልገኝ ሰው ቢመጣ እንዳይቸገር።